ከአማቴ ጋር ሐይቅ ዳር

ሰው ከአማቱ ጋር ስንት ነገር ማድረግ ይችላል? ሰላምታ ይለዋወጣል። በበዓል ቀን ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል። ቢበዛ ቢበዛ ለቅሶ ቤት ከአንድ ድንኳን ሥር፣ በተለያየ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ያለፈውን ወጉ አይፈቅድም። እኔ ግን ባለፈው ክረምት እኔና አማቴ ብቻ፣ ሌላ ማንም ሳይኖር፣ ጽጌረዳ የተነሰነሰበት የሙሽሮች ክፍል ውስጥ ቆመን ተገኘን። ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ስሙኝ።

አማቴ እሜቴ ይርገዱ ይባላሉ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ገብሳቸውን ያሳርሳሉ፣ ላማቸውን ያልባሉ፣ የሰማቸውን ይመርቃሉ፣ ያልሰማቸውን ይቆጣሉ። ጉልበታቸው ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አልታዘዝ ብሏቸዋል። ባለቤቴ ባንቺአምላክ፣ እኛ ወዳለንበት ወደ መካነ ኢየሱስ መጥተው አብረውን እንዲኖሩ ያልለመነቻቸው ጊዜ የለም። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«ልጄ፣ አማት ካማች ቤት ገብታ ሳትታማ አታድርም።»

እኔ ደግሞ እንኳን አማቴን ርዕሰ መምህሬን እንኳ አምቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። (የርዕሰ መምህሩን ነገር ተዉት።) ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ለአማት «አላማዎትም» ብሎ መማል ራሱ ሐሜት ይመስላል። ባንቺአምላክ ግን ሌሊት ሌሊት «እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ?» እያለች እንቅልፍ አጥታ ነበር። እንቅልፍ ስታጣ ደግሞ እኔንም ብቻዬን አታስተኛኝም።

በዚህ መሐል አዲስ አበባ የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚነግደው ወንድሟ ሞላ ደወለ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ሪዞርት ቆርቆሮ ከሱ ገዝቶ ኖሮ፣ ለምስጋና ብሎ የሁለት ሌሊት ማረፊያ ከነቁርሱ ሰጥቶታል። «እኔ ጊዜ የለኝም። እናታችንን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጉልበቷን ታሳርፍ» አለ። ባንቺአምላክ ወዲያው ዕቅድ አወጣች። እናቷ ለስላሳ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ምግብ ቀርቦላቸው፣ ልባቸው ሲለሰልስ እኛ ዘንድ ስለ መግባቱ ነገር ልታነሳባቸው ነው። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ስለነበር እሜቴ «በሱባዔ ወዴት ነው የምሄደው?» ማለታቸው አልቀረም። ሞላ በስልክ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አሳመናቸው፦ «እማዬ፣ ቦታው ገዳም አጠገብ ነው።» እውነቱን ነው፤ ገዳማቱ ሐይቁ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ላይ አሉ። በጀልባ ለሚሄድ።

በመሄጃችን ዋዜማ ባንቺአምላክ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አዋላጇ ወለደች» አለች።

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ ምን ያስከፋል?»

«እሷን የምተካው እኔ ነኛ! አንተ ይዘሃት ሂድ።»

«እኔ? ከእናትሽ ጋር? ብቻዬን?»

«ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ምን ሥራ አለህ? ደግሞ አትርሳ፣ ነገሩን አንሳባት።»

ባል ሥራ እንደሌለው በሚስቱ ሲረጋገጥ ይግባኝ የለውም። በማግስቱ ማለዳ እሜቴ ከወገዳ ደርሰው፣ በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር ወደሚሄደው አውቶቡስ ገባን። እሜቴ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው የስንቅ አቁማዳቸውን ይዘዋል፤ አቁማዳው ውስጥ በሶና ቆሎ አለ። መኝታቸውን፣ ማለትም የበግ አጎዛቸውን፣ ጠቅልለው ለኔ አሸከሙኝ። «ሆቴሉ አልጋ አለው እሜቴ» ብላቸው፣ «የሰው አልጋ የሰው ነው» አሉኝ።

ስንደርስ አንዲት ልጅ በብር ሳህን የሚተን ነጭ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ተቀበለችን። ለፊትና ለእጅ መጥረጊያ ነው። እሜቴ ተቀብለው ሙቀቱን መዳፋቸው ላይ መዘኑና፣ ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ ጠመጠሙት። «እግዜር ይስጥሽ! ማን ነገራችሁ መታመሜን?» አሏት። ልጅቱም ሌላ ፎጣ አመጣች። ለሌላኛው ጉልበት።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ጎረምሳ ኮምፒዩተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እሜቴን አየ፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አየ። «የተያዘው… ለጥንዶች ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሞላ የኔንና የእህቱን ስም ሰጥቶ ኖሯል። ሆቴሉም ከደግነቱ የተነሣ የሙሽራ ክፍል አዘጋጅቶልናል። ሁለተኛ ክፍል ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ የስልክ ቁጥሩን የሰጠኝ መስሎኝ ልመዘግብ እስክሪብቶ አወጣሁ።

እንግዲህ ክፍሉን ከፈትነው። ወለሉ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል ከበሩ እስከ አልጋው ተነጥፏል። አልጋው ላይ ደግሞ አንገት ለአንገት የተቃቀፉ፣ ከነጭ ፎጣ የተሠሩ ሁለት ወፎች ተቀምጠዋል። ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጥቼ መጋረጃውን አየሁ። እሱም ቀይ ነው።

እሜቴ ደፉ ላይ ቆሙ። «ታቦት ያልፋል እንዴ?»

«አይ፣ ለጌጥ ነው እሜቴ።»

«አበባ ተረግጦ ጌጥ?» ብለው፣ ጎንበስ እያሉ ቅጠሉን አንድ ባንድ ለቅመው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከዚያ አልጋው ጋ ደረሱና ወፎቹን በምርኩዛቸው ነካ አደረጓቸው። «ይኼስ ዝይ ነው?»

«ፎጣ ነው።»

«ምን በደለና ነው እንዲህ የጠመዘዙት?»

የመንገድ ድካም ስላለባቸው ጋደም እንዲሉ ለመንኳቸው፣ እኔም ለጨዋነቱ ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ሐይቁን ማየት ጀመርኩ። ከታች ሪዞርቱ በመኪና ያስመጣው አሸዋ ላይ ፈረንጅም ሐበሻም ተዘርግቶ ተኝቷል። እሜቴ በመስኮት አይተውት ኖሮ ከውስጥ ጠየቁኝ፦

«መምህር፣ እነዚያ ሰዎች ምን ሆነው ነው?»

«እየተዝናኑ ነው።»

«ክፍል የላቸውም?»

«አላቸው።»

«ለአልጋ ከፍለው አሸዋ ላይ ይተኛሉ?» አሉ። እኔ ይህን ለመመለስ ቃላት ስመርጥ የአልጋው ድምፅ ተሰማ፤ ፍስስስ የሚል፣ ላስቲክ ሲተነፍስ የሚያወጣውን የመሰለ። ወዲያው ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ፦

«መምህር! ኧረ መምህር ይድረሱልኝ! ወረድኩ!»

ዘልዬ ገባሁ። አልጋው ባዶ መሰለኝ። ጠጋ ስል መሐሉ ላይ ከነጩ አንሶላ ውስጥ የአማቴ አፍንጫና የነጠላቸው ጥለት ብቻ ብቅ ብሏል። አማትን በላም መመሰል ነውር ነው እንጂ፣ ማጥ የያዛት ላም አይቼ አውቃለሁ፤ ባለቤቷ ሲመጣ የምታየው አስተያየት አለ። እሱን ነው ያየሁት።

ልረዳቸው እጄን ዘረጋሁ። መልሼ ሰበሰብኩት። ሰው አማቱን በምን በኩል ይይዛል? በብብት? በወገብ? ባህላችን ለዚህ መያዣ አላበጀለትም። እሳቸውም ተረዱኝ።

«ምርኩዙን! ምርኩዙን ወዲህ ይበሉልኝ!»

አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ ሌላውን እኔ። ሳብኩ። እንዳሉ ናቸው። እግሬን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፌ «በሥላሴ ስም!» ብዬ ስስብ፣ ወጡ። የወጡት ግን በአንዴ ነው። እኔ ወደ ኋላ ተፈንግዬ ወለሉ ላይ፣ ሁለቱ ወፎች ደረቴ ላይ፣ እሜቴ አልጋው ጫፍ ላይ በእንብርክካቸው፣ ምርኩዙ በመሐላችን። በዚህ ሰዓት በሩ ተንኳኳና «ለሙሽሮች» የተባለ የፍራፍሬ ሳህን የያዘች ልጅ ገባች። አየችን። «ይቅርታ» ብላ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ፣ በሩን በጣም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እሜቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፈረዱ። «ይኼ አልጋ አይደለም፣ አረንቋ ነው። ጥጃ ብታስርበት ነገ አታገኘውም።»

አጎዛቸውን ወለሉ ላይ አነጠፉ። እኔ ሰገነቱ ላይ ባለው የሸንበቆ ወንበር ለማደር ተስማማሁ። የመካነ ኢየሱስ መምህር በሙሉ ቢያዋጣ አንድ ሌሊት የማይተኛበት አልጋ በወፎች እጅ ቀረ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ የጾሙ ሰዓት አለፈና ለመብላት ወረድን። ምግብ ቤቱ ውሃው ላይ የተንጠለጠለ ነው። አስተናጋጇ ማውጫውን ስትሰጠኝ እንደ ዳዊት ከበደኝ። ልገልጠው ስጀምር ገና ከመጠጡ ገጽ ላይ አላበኝ።

«የጾም ምን አላችሁ?» አልኳት።

«ቪጋን ሴክሽኑ ከኋላ ነው።»

ከኋላ ሄጄ ሽሮን አገኘኋት። ምስኪን ሽሮ! ስሟ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከፊት ለፊቷ ቁጥር ተደርድሮባት ተቀምጣለች። በዚያ ዋጋ እስቴ ገበያ ላይ ሽሮ የሚወጣውን ሽምብራ ከነጆንያው ገዝተህ ከጫነው አህያ ጋር ትደራደራለህ።

«ስንት ይላል?» አሉ እሜቴ፣ አንገታቸውን አስግገው። ፊደል ባይቆጥሩም ገበያ የኖሩ ናቸው፤ ቁጥር አይስቱም። እኔም እውነቱን ቢሰሙ እንደጾሙ ተነሥተው እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ስለዚህ ማውጫውን አስጠጋሁላቸውና የመጨረሻዋን ዜሮ በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት።

«አርባ» አሉ አንብበው። «አርባ ብር ለሽሮ! ልጄ፣ ሰላሳ አድርጊው።»

አስተናጋጇ ግራ ገባት። «ሰላሳ… ፐርሰንት ዲስካውንት ነው ያሉት እናቴ? ለጊዜው የለንም።»

«ምን አለች?»

«አለቃዬን ልጠይቅ አለች» አልኩ።

ሽሮው መጣ። ሳህኑ ሰፌድ ያክላል፣ ሽሮው ከሳህኑ መሐል ተኮማትሮ ተቀምጧል፣ አናቱ ላይ አንድ የጥብስ ቅጠል ቆሟል። እንጀራው እንደ ጤና ጣቢያ ፋሻ ተጠቅልሎ ጎን ለጎን ተኝቷል። እሜቴ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። አምጡት በያቸው።»

መጥቶ ማለቁን ማን ይንገራቸው? ሁለተኛ አዘዝኩ። ሁለተኛውን ከበሉ በኋላ ፊታቸው ፈካ። ሐይቁን አዩ፣ ጀልባዎቹን አዩ፣ ሣር የሚያጭዱትን ሠራተኞች አዩ።

«ትንሽ ብትሆንም ትጣፍጣለች። አርባ ብር ለከተማ ደግ ነው» አሉና ተነፈሱ። «ነገ ሰባት ሥላሴ አይደል? ቤቴ ብሆን መንደሩን ጠርቼ እዘክር ነበር።»

«አይዘኑ እሜቴ፤ የትም ቢሆን ይደርሳል» አልኳቸው።

አፌን በሽሮ ሞልቼ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሒሳቡን ዞር ብዬ ከፈልኩ። ከምግቡ ዋጋ ሥር ሁለት ሌሎች መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ «የአገልግሎት» የሚል። ስንት እንደሆነ ለባንቺአምላክ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ካነበበች ደግሞ ማን እንደጻፈው አላውቅም።

ሌሊቱን ዝናብ በአግድም እየመጣ ሰገነቱ ላይ አጠመቀኝ። ጠዋት የተከፈለልን ቁርስ አለ ተብለን ገባን። ምን ልበላችሁ! እንቁላሉ በስንት ዓይነት፣ ቅቤው፣ እርጎው፣ ማሩ፣ አይቡ፣ ኬኩ። ረጅም ነጭ ቆብ ያጠለቀ ሰው መጥበሻውን እያገላበጠ «ለእርስዎ እንዴት ልሥራልዎ?» ይለኛል። ከኋላዬ አማቴ ቆመዋል። እኔ በጾም ጉዳይ ብቻዬን ስሆን ትንሽ ፍልስፍና ቢጤ አለብኝ፤ አማቴ ባሉበት ግን ባሕታዊ ነኝ። «ጾም ነው» አልኩት፣ ዓይኔን ከመጥበሻው ሳላነሳ። የዚያ ሆቴል ነገር ይኸው ነው፦ ነጻው አይበላ፣ የሚበላው አይቀመስ።

እሜቴ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው ሊደግሙ ሄዱ። እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። አልጋው ተነጥፎ፣ ወፎቹም እንደ አዲስ ተሠርተው ተቃቅፈዋል። ክፍሉ ባዶ ነው። ዐይኔ ተንከራተተ። እንዲህ ያለ አልጋ ሳልተኛበት ብሄድ ሞላ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? ጫፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጫፉ ወደ መሐል ወሰደኝ። መሐሉ ዋጠኝ።

ስነቃ ፀሐይዋ ዞራለች፤ ወገቤ ግን የለም። ማለቴ፣ ካስቀመጥኩበት አልተገኘም። እንደ ማጭድ ጎብጬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ። ከታች ጫጫታ ይሰማል፤ ከጫጫታው መሐል የማውቀው ድምፅ ይመርቃል።

ውሃው ዳር ያሉት ጠረጴዛዎች በሙሉ ተጋጥመዋል። ዙሪያውን አትክልተኞቹ፣ ጀልባ ቀዛፊዎቹ፣ ዘበኞቹ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ተቀምጠዋል፤ ጫፍ ላይ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡ እውነተኛ ሙሽሮች አሉ። ከጠረጴዛው ራስ ላይ እሜቴ ይርገዱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተሰይመዋል። አስተናጋጇ ወረቀት ይዛ ሰው ትቆጥራለች።

«መጡ መምህር! ከዚህ ይቀመጡ» አሉኝ። «ምነው መሬት መሬት ያያሉ?»

«እሜቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዝክር ነዋ! ይደርሳል አላሉኝም? በአርባ ብር ሥላሴን ካልዘከርኩ መቼ ልዘክር ነው?»

ልቤ ወገቤ ወዳለበት ወረደ። ጎንበስ እንዳልኩ ስለነበር ጆሯቸው ጋ መድረስ አላስቸገረኝም። ስለ ዜሮዋ ነገርኳቸው።



«አውራ ጣትዎን ያሳዩኝ» አሉ።

አሳየኋቸው።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ስለምን?»

«ጦምዎን እንዳያድሩብኝ ብዬ ነው እሜቴ።»

አልተቆጡኝም። መቀነታቸውን ፈቱና ከጫፉ የተቋጠረ ብር አወጡ። የገብስ ማጨጃ ብለው የያዙት መሆኑን ባንቺአምላክ ነግራኝ ነበር። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆጠሩት፤ እንደገና ቆጠሩት። ያ ሁሉ ብር የሒሳቡን ታችኛዎቹን ሁለት መስመሮች እንኳ እንደማይከፍል እኔ አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ።

«የጠራሁትን እንግዳ አልመልስም» አሉ ቀስ ብለው። «ሥላሴን አሳፍሬ ቤቴ ልግባ?»

በዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ክራባቱ ጠበቅ ያለ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ወፍራም ሰው ነው። «የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ይህ ፕሮግራም በማን ስም ነው የተያዘው?» አለ። እኔ ኃላፊነቱን ልወስድ ቀጥ ብዬ ልነሣ ስል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አሸዋው ላይ በሆዴ ተደፋሁ። እንኳን መነሣት መተንፈስም አቃተኝ።

ጠረጴዛው ተተራመሰ። አንዱ አምቡላንስ ይላል፣ ሙሽራዋ ማሳጅ ቤት አለ ትላለች። እሜቴ ግን በምርኩዛቸው ጠረጴዛውን መቱና ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«ከመካከላችሁ በእግሩ የተወለደ አለ?»

በእኛ አገር ወገቡ የተያዘን ሰው፣ በእግሩ የተወለደ ቢረግጠው ይድናል ይባላል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከጀርባ የጉሮሮ መጥረግ ተሰማ።

«እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ…» አለ ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን እየነካካ፣ «እኔ… በእግሬ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አውልቅ ጫማህን!»

አወለቀ። ካልሲው ጣቱ ላይ ተቀዷል። የተከበረው ሥራ አስኪያጅ በሁለት ጀልባ ቀዛፊዎች ትከሻ ተደግፎ በአንድ እግሩ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ይህን ሁሉ የሚያዩት ፈረንጆች የሪዞርቱ አገልግሎት መስሏቸው ኖሮ ዋጋውን አስተናጋጇን ጠየቋት አሉ።

እሜቴ አጋጣሚ አያልፋቸውም። ሰውየው እላዬ ላይ እያለ ነገሩን ጀመሩት።

«ልጄ፣ ጠዋት ቁርሳችን ተከፍሎልናል አይደል?»

«አዎ እናቴ፣ ከክፍሉ ጋር ነው።»

«አልበላነውም። ጾመኞች ነን። የት ገባ?»

«ያለፈ ቁርስ… አይተላለፍም» አለ። ተረከዙ ወገቤ ላይ ጠበቀ።

«እህሉ አለ አይደል? ወይስ በላችሁት?»

«እሱማ… አለ።» ተረከዙ ላላ።

«የነገውንም አንበላም። ያለፈውንም የሚመጣውንም፣ የኔንም የመምህርንም ቁርስ ወስደህ በሽሮ ለውጥልኝ።»

«እናቴ፣ ሲስተሙ አይቀበልም!» ተረከዙ አጥንቴ ጋ ደረሰ።

«እሜቴ፣ ቀስ ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ ከአሸዋው ውስጥ።

«ዝም ይበሉ መምህር፤ እየተነጋገርን ነው። ልጄ፣ ሽሮህ እንደ ቀልድ ሳህን መሐል የምትቆም አትሁን። በድስት ትምጣ። ቅጠሉንም አንሣልኝ። በድስት ከሆነ ዋጋው ይወርዳል፣ አይወርድም?»

ሰውየው አሰበ። ሲያስብ ክብደቱን ከተረከዙ ወደ ጣቶቹ አዛወረና፣ ወገቤ ውስጥ የተቆለፈው ነገር ሁሉ እንደ በር ተከፈተ። «እፎይ!» አልኩ፣ ሐይቁ ማዶ እስኪሰማ። እሱ ግን መስማማት መስሎት «እሺ፣ እሺ! በድስት ይሁን!» አለና ወረደ። እሜቴ መዳፋቸውን ዘረጉለት፤ እንደ ገበያ ሰው መታላቸው። አለቀ።

ሽሮው በድስት መጣ። ለዚያ ሁሉ ሰው እንደማይበቃ አይተው እሜቴ አቁማዳቸውን አስመጡና በሶውን በሆቴሉ ነጭ ሳህን ላይ ራሳቸው እየጨበጡ አደሉት። ሙሽራው በሶ በሹካ ለመብላት ሲታገል ዘበኛው አስተማረው። ሥራ አስኪያጁ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ፣ ሌላኛውን ረስቶት፣ ከጫፍ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ጨመረ። የውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው የሚለው ሰሌዳ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል፤ ቀና ብሎ አላየውም። ሲያበቁ እሜቴ ሁሉንም አስነሥተው መረቁ። የቆርቆሮውን ክዳን ሳይቀር መረቁት፣ እንዳያፈስ።

በመመለሻችን ላይ፣ ደብረ ታቦርን እንዳለፍን፣ ባንቺአምላክ አደራ ያለችኝን ነገር ላነሳ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እሜቴ፣ ስለ መግባትዎ…»

«አሁን አይጠይቁኝ» አሉ መስኮቱን እያዩ። ቆይተው ደግሞ፣ ወደኔ ሳይዞሩ፦ «ሞላ ገዳም አጠገብ ነው ብሎ ለራሱ እንዲመቸው ዋሸኝ። እርስዎ ለእኔ ብለው ዋሹኝ። ሁለታችሁም ንስሐ ግቡ፤ የእርስዎ ግን ይቀላል።»

መካነ ኢየሱስ ደርሰን ለባንቺአምላክ «አልሆነም» አልኳት፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ ሰነበተች።

ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። እሜቴ ይርገዱ አንድ የተጫነ አህያ፣ አንድ አውራ ዶሮና አንድ ላም አስከትለው ቆመዋል።

«ለመኖር እንዳይመስልዎት መምህር» አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳይጠብቁ። «ጉልበቴን ጤና ጣቢያ ልታይ ነው የመጣሁ። እሁድ እመለሳለሁ።»

ላሟን ጓሮ አሰርን። ዶሮው ማታውኑ የጎረቤቱን ዶሮ ተደባደበ። እሜቴ በሳምንቱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቦታ ቀይረውት ነበር፤ እኔም ጫማዬን ፍለጋ ብዙ ማለዳ አሳልፌያለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ በየሳምንቱ «እሁድ እሄዳለሁ» ይላሉ፤ ባንቺአምላክም «እሺ እማዬ» ትላለች። እሁድ ሲደርስ ግን ሰንበት ነው። በሰንበት ደግሞ ማን መንገድ ይጀምራል?